የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ገና ላልተሰለፈው ልጅ ማጨብጨብ

የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ ደጋፊ ዕረፍት አያውቅም። ጨዋታ በሌለበት በሐምሌ እንኳ ማን የትኛውን ዩኒቨርሲቲ መረጠ እያለ ስልኩን ሲጎረጉር ያመሻል። የሚያሳድደው ዜና ብዙውን ጊዜ የአንድ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የቃል ስምምነት ነው፤ ፊርማ የለበትም፣ ነገ ሊፈርስ ይችላል። እኛ ግን (ራሴንም ጨምሬ) ወዲያው አሰላለፍ ውስጥ እናስገባዋለን!

ይህን እትም ለዚሁ ወሬ የሰጠነው ሕጉ ስለተለወጠ ነው። በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊጎች የተጫወተ ልጅ እንደ ፕሮፌሽናል ይቆጠር ስለነበር የአሜሪካ ኮሌጆች በር ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ተከፈተ። በእነዚሁ ሊጎች ኮከብ የነበረው የካናዳዋ ዩኮን ተወላጅ ጋቪን መኬና ገና በ17 ዓመቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን መምረጡን አስታወቀ። ፔን ስቴት በከፍተኛው ዲቪዚዮን መጫወት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ትናንት እንደማለት።

ደጋፊው ጮቤ ረገጠ። የቡድን ቦታ ግን አልበዛም፤ ኮከቡ ሲገባ ቀድሞ ቃል የተገባለት ሌላ ልጅ ይገፋል። የእሱ ወሬ ብዙም አይነበብም። በውስጥ ገጾች ሰፊውን ቦታ ለእነዚህ የተገፉ ልጆች ሰጥተናል፤ የመኬናን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ያላወጣነውም ለዚሁ ነው።