እስክሪኑ ይቆየን፤ አስተባባሪው ማነው?

አይ የኛ ነገር! ሪቫን ያልተቆረጠለት ሥራ እንደ ሥራ የማይቆጠርበት ዘመን ላይ ደርሰናል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሪቫን ተቆረጠ። የሳይንስ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሪቫን ተቆረጠ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እዚያም ተቆረጠ። ይሁን፣ ደግ ነው። ልጆቻችን ገብተው አይተዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል። በጣት ሲነኩት የሚገለጥ እስክሪንም ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ስለ አዲስ አበባ አይደለም። ስለ ጅማ ነው።

ጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጅማ መሐል ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡ፣ ለአፄ ምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦር ያዳኑና የራሳቸውን አስተዳደር ይዘው የቆዩ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። ያ የእንጨት ቤት ለብዙ ዓመታት ሲጎሳቆል ኖሮ በቅርብ ጊዜ የእድሳት ዕጣ ደርሶታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ጠዋት ማስታወቂያ ይወጣል፤ «ለጎብኚዎች የሚውሉ ዲጂታል መሣሪያዎች አቅርቦትና ተከላ ጨረታ» ይላል። አቅራቢው ያቀርባል፣ ተካዩ ይተክላል፣ ባለሥልጣኑ ይመርቃል። ከዚያስ?

ከዚያማ ታሪኩን እናውቀዋለን። በየመሥሪያ ቤቱ አቧራ የጠጣውን ኮምፒዩተር ያላየ ማን አለ? ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰው ተዛውሯል፣ መለዋወጫው የለም፣ የጥገና ውል አልተያዘም። ተጠያቂ ሲፈለግ ሁሉም ወደ ኮሚቴው ይጠቁማል። ኮሚቴ ማለት እንግዲህ በእኛ አገር ሁሉም የሚፈርምበት፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ነው።

ለመሆኑ አንድ ሙዚየም ውስጥ እስክሪን ተነክቶ ታሪክ እስኪናገር ድረስ ስንት ሰው መሥራት እንዳለበት የሚያስብ አለ? የታሪክ ባለሙያው ይጽፋል። ተርጓሚው ይተረጉማል። ሠዓሊው ወይም የግራፊክ ሰውዬው ገጹን ይነድፋል። አናጺው መደርደሪያውን ይሠራል፣ ኤሌክትሪሻኑ ገመድ ይዘረጋል፣ የሶፍትዌሩ ልጅ ደግሞ ምናልባት 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን ይጽፋል። እነዚህ ሰዎች ካልተነጋገሩ የሚሆነው ይኸው ነው። ቆሞ አንድ ደቂቃ የማይታገስ ጎብኚ ፊት የታሪክ ባለሙያው አምስት ገጽ ይደረድራል። ተርጓሚው ጽሑፉን የሚያገኘው ሰሌዳው ከታተመ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሻኑ መደርደሪያው ካለቀ በኋላ ይመጣና በመሮ ይበሳዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚጠይቅና የትኛው ዕቃ ፊት እንደሚስቅ የሚያውቅ አስጎብኚስ? እሱንማ ማን ጠይቆት!

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስኬድ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ አስተባባሪ። የግድ አለቃ መሆን የለበትም፣ የግድ መሐንዲስም መሆን የለበትም። ማን ምን፣ መቼ፣ ለማን እንደሚያስረክብ የሚያውቅ፣ የታሪክ ባለሙያውን «ጋሼ፣ ይህ ረዝሟል፣ አራት መስመር ያድርጉት» ለማለት የሚደፍር፣ ጽሑፉ ሳይጸድቅ ዕቃ እንዳይገዛ «አይሆንም» የሚል ሰው። ባጀት ሲያዝ ግን ለእስክሪን ዋጋ ይመደባል፣ ለዚህ ሰው ደመወዝ አይመደብም።

ወደ ራሱ ወደ ጅማ ሙዚየም እንምጣ። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረች ናት። በሙዚየሙ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ብቻ ሳይሆኑ የአካባቢው ሕዝቦች መገልገያዎችም ይታያሉ። ለምሳሌ የጅማን በርጩማ እንውሰድ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ሚስማር የማያውቅ፣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነው። በአሥራ ስምንት ቋንቋ ከሚለፈልፍ እስክሪን ይልቅ ጠራቢው ግንዱን ሲፈለፍል የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ፊልም ለጎብኚው ይበልጥ ይነግረው ነበር። ግን ጠራቢውን ማን ያናግረው? ፊልሙን ማን ያንሳው? በአፋን ኦሮሞ የሚናገረውን ማን ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው? ለተርጓሚውስ ከየትኛው ሒሳብ ይከፈል? ይኸው ነው ማስተባበር ማለት።

ከዚህም በፊት የሚቀድም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ ከምን ተሠራ የሚለው በቅጡ ያልተጻፈለት ዕቃ እስክሪን ቢደረግለት ምን ሊናገር ነው? ባዶ ድስት መክደን ይሆናል።

ቡናው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከርራል። በጅማ በኩል ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አጠገብ፣ «የቡና መገኛ ጮጬ ናት» ይባላል። በከፋ በኩል ደግሞ ቦንጋ አጠገብ «እናት ቡና ማንኪራ ናት» ይባላል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ቦንጋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስትሆን ጅማ በኦሮሚያ ናት። ክርክሩም የወሰን ሽታ አለው። በሚሊኒየሙ በዓል ሰሞን የታሰበው የቡና ብሔራዊ ሙዚየም ቦንጋ ላይ ሕንጻው ቆሞ፣ የሚታይ ነገር ሳይሞላበት ዓመታት ማለፋቸውን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። ሕንጻ መገንባት ችለናል፤ ግንበኛው ብቻ መሐንዲሱን ይሰማላ! ውስጡን መሙላት ግን ብዙ ዓይነት ሰው አንድ ላይ መቀመጥ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ነው የምንሰበረው።

ታዲያ ነገ ጅማም ሆነ ቦንጋ «ቡና የት ተገኘ?» የሚለውን ነክቶ የሚጠይቅ ሕፃን እስክሪኑ ምን ብሎ ይመልስለት? ጫካው ወሰን አያውቅም። የዱር አረቢካ ቡና በደቡብ ምዕራብ ደጋ ደኖች በወዲህም በወዲያም በቅሏል፤ የከፋም የያዩም ደን በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመዝግቧል። ያ ሁሉም ቱሪስት የሚነገረው የፍየል እረኛ ተረትም ቢሆን በአውሮፓ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ነው። ይህን ለሁለቱም ወገን ሳያደላ አራት መስመር ውስጥ መጻፍ የሶፍትዌሩ ልጅ ሥራ አይደለም። ሁለቱን ክልሎች፣ የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከልን፣ የጮጬና የማንኪራ ሽማግሌዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። አለበለዚያ ለፖለቲካችን አንድ ተጨማሪ ጠብ በኤሌክትሪክ እናበራለታለን።

ፈረንጁም ቢሆን ዛሬ ላይ የደረሰው እየተሳሳተ ነው። አምስተርዳም ውስጥ ስቴደሊክ የሚባለው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 ጎብኚው ገለጻውን በሬዲዮ እንዲሰማ አደረገ። ድምፁ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ ጎብኚዎቹ እንደ በግ መንጋ እኩል አንገታቸውን እያዞሩ፣ እኩል እየተራመዱ ዞሩ። ብሩክሊን ሙዚየም ደግሞ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2015፣ ጎብኚው በስልኩ ጥያቄ ሲልክ መልሱን የሚጽፍለት ማሽን ሳይሆን የሥነ ጥበብ ዕውቀት ያለው የሙዚየሙ ሠራተኛ እንዲሆን አደረገ። ገንዘቡ ሞልቶ የተረፋቸው እነሱ ሰውን መሐል ላይ አስቀመጡ። እኛ ሰውን ለማስወጣት እንቸኩላለን!

አያሳዝንም? ጅማ ለዚህ ሥራ ከውጭ አማካሪ መለመን አልነበረባትም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የታወቀበት «ማኅበረሰብ ተኮር» ትምህርቱ ውስጥ የቡድን ሥልጠና የሚባል ፕሮግራም አለ። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የፋርማሲው፣ የላቦራቶሪው ተማሪ አንድ ላይ ጤና ጣቢያ ይወርዳል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ፣ አብሮ አቅዶ፣ አብሮ ይሠራል። ታማሚን በቡድን ማከም የሚያስተምር ከተማ ሙዚየሙን በቡድን ማደራጀት እንዴት ያቅተዋል? የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ የግብርና ኮሌጅ አለው፣ ቋንቋ የሚያስተምር አለው። የጎደለው ጠሪ ነው።

ስለ መብራቱም ዝም አንልም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንደኛ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በጅማ ዞን ቆሟል። መብራት ሲጠፋ ግን የግድቡ ጎረቤት መሆን እስክሪን አያበራም። ስለዚህ የሚመረጠው መሣሪያ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆይ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ የማይደነዝዝ ይሁን። ከተቻለም ጎብኚው በራሱ ስልክ የሚያነበው ይሁን። ስልክ የሌለው ደግሞ ሰሌዳውን ያንብብ፣ ማንበብ የማይችል አስጎብኚውን ይስማ። ይህን ሁሉ ከግዢ በፊት መወሰን የማንም ሥራ ካልሆነ ሻጩ ይወስንልናል፤ ሻጭ ደግሞ የሚወስነው ያለውን ዕቃ ነው።

ሌላው ቢቀር ሙከራውን በካርቶን ጀምሩት። እስክሪኑ የሚመስል ካርቶን፣ ገጹ በእስክሪብቶ የተሣለበት፣ ዋጋው የጥቂት ብር። የሐሙስ ገበያ ቀን ከጌራ፣ ከማና፣ ከአጋሮ ቡናና ማር ይዘው የመጡትን እናቶችና አባቶች ወደ ሙዚየሙ ጥሩና «የቱን ትነኩ ነበር? ምን አልገባችሁም?» በሏቸው። እማማ ያልገባቸው ነገር በካርቶን ላይ በላጲስ ይስተካከላል። በመቶ ሺህዎች ብር ተገዝቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን ማን ይነካዋል!

እንግዲህ የከተማውም የዞኑም የባሕልና ቱሪዝም ሹማምንት፣ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም ሰምታችኋል። የጨረታ ሰነዱ ከመሸጡ በፊት አንድ ወረቀት በሙዚየሙ በር ላይ ለጥፉልን። በወረቀቱ ላይ የአስተባባሪው ስም ይኑር፣ በሥሩ እነማን እንደሚሠሩ፣ ጽሑፉን በየቋንቋው ማን እንደሚያጸድቅ፣ ዕቃው ሲበላሽ የማን ስልክ እንደሚደወል ይጻፍ። የሪቫን ቆራጩን ስም አልጠየቅንም።