ስለ ወጣቶችና ስለ ኦቶሞቢል እሽቅድምድም

የሥልጣኔ ዕቃ ወደ አንድ አገር ሲገባ ዕቃው አስቀድሞ ይደርሳል እንጂ ትምህርቱ አብሮት አይደርስም። ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ. ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ዳገቱን አልፎ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም አዲስ ነገር መመርመርን የሚወዱ ንጉሠ ነገሥት ስለ ነበሩ ሳይፈሩ ተቀምጠው ሄዱበት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት የበለጠ ዘመን አልፏል፤ ኦቶሞቢሉም በዝቷል፤ የመንዳት ትምህርቱ ግን እንደ ኦቶሞቢሉ ብዛት በዝቷል ለማለት አንደፍርም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በልደታ ሰፈር የሚኖር ጎረቤታችን ያጫወተን ነገር ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አለው። ልጁ በትምህርቱ ሰነፍ አይደለም፤ ጠባዩም የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደሚያስብ በተጠየቀ ጊዜ «የፎርሙላ ነጂ እሆናለሁ» ብሎ መለሰ። አባትየው ልጁን ልቆጣው ወይስ ልሣቅበት ብሎ ምክራችንን ጠየቀ። እኛም ያን ቀን የሚበቃ መልስ አልሰጠነውም፤ ነገሩን ከመረመርን በኋላ ግን መሣቅም መቈጣትም እንዳይገባ ተረድተናል። (ከዚህ በታች ያለውን ዘመን በኤውሮጳ አቈጣጠር እንጽፈዋለን።)

የፎርሙላ ነጂነት ብዙ ሰው እንደሚመስለው የድፍረት ሥራ ብቻ አይደለም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሳይቈጥር መወድስ አይሞክርም፤ የሞከረም እንደ ሆነ መምህሩ ይመልሰዋል። በዚያም ሥራ ልጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመቱ ካርት በምትባል ከመሬት ብዙ በማትርቅ ትንሽ ኦቶሞቢል ይጀምራል። ዐሥራ አምስት ዓመት በሞላው ጊዜ ባለ አንድ መቀመጫ ወደ ሆነው፣ መንኰራኵሩ ወዳልተሸፈነው ኦቶሞቢል ይሸጋገራል፤ ይኸውም ፎርሙላ 4 የሚባለውና በ2014 የተጀመረው መደብ ነው። ከዚያ ወደ ፎርሙላ 3፣ ከዚያም ወደ ፎርሙላ 2 ይወጣል። ወደ መጨረሻው ወደ ፎርሙላ 1 ለመግባት የሚሻ ደግሞ በመደበኛው ሕግ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት፤ በታችኞቹም መደቦች በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ ያላገኘ ፈቃድ አይሰጠውም። ይህ ሕግ የጠበቀው አንድ የ17 ዓመት ልጅ በ2015 ወደ ላይኛው መደብ ከገባ በኋላ ነው። ለተራ መንጃ ፈቃድ ስንት ሰው በአቋራጭ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሹም ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ስለ ምሳሌ ሉዊስ ሃሚልተንን እንመልከት። የተወለደው በ1985 በእንግሊዝ አገር ነው፤ የአባቱ ወላጆች ግን ግሬናዳ ከምትባለው የጥቁር ሕዝብ ደሴት የመጡ ናቸው። በስምንት ዓመቱ ካርት መንዳት ጀመረ። አባቱ ባለጸጋ ስላልነበረ ለልጁ ወጪ በአንድ ጊዜ ከአንድ የበለጠ ሥራ ይዞ ይሠራ ነበር። ልጁ በዐሥር ዓመቱ በአንድ ግብዣ ላይ የማክላረንን ኩባንያ አለቃ ሮን ዴኒስን አግኝቶ አንድ ቀን የእርሱን ኦቶሞቢል ለመንዳት እንደሚሻ ነገረው፤ በ1998ም ኩባንያው ወጪውን ለመርዳት ከእርሱ ጋር ውል አደረገ። በ2003 በእንግሊዝ ፎርሙላ ሬኖ አሸናፊ ሆነ። በ2004 ወደ ፎርሙላ 3 ወጥቶ አምስተኛ ሆነ፤ ስለዚህም በዚያው መደብ ሁለተኛ ዓመት ተቀመጠ። የእኛ ልጆች ክፍል መድገምን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ እርሱ ግን በደገመው ዓመት ከ20 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። በ2006 ዛሬ ፎርሙላ 2 በተባለው መደብ አሸነፈ፤ በ2007 በ22 ዓመቱ ወደ ፎርሙላ 1 ገባ፤ በ2008ም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እስከ 2020 ድረስ ይህን ክብር ሰባት ጊዜ አግኝቶታል። ከመጀመሪያዋ ካርት እስከ ላይኛው መደብ የፈጀበት ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ነው፤ ይህም አንድ ሰው ቅኔውንና ትርጓሜውን ተምሮ ለማስተማር ከሚፈጅበት ጊዜ ብዙ አያንስም።

ኢጣልያዊው ኪሚ አንቶኔሊ በ2022 በፎርሙላ 4 አሸንፎ በ2025 በ18 ዓመቱ ፎርሙላ 1 ደርሷል። ነገር ግን አባቱ ራሱ ተሸቀዳዳሪና የእሽቅድምድም ቡድን ባለቤት ነው። ከዚህ የምንረዳው ተሰጥኦ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በፎርሙላ 4 አንድ ዓመት ለመወዳደር ብዙ መቶ ሺሕ ዩሮ ያስፈልጋል፤ በፎርሙላ 2 ግን ወጪው ከሚሊዮን ያልፋል። የእኛ ሯጮች ዓለምን ያሸነፉት መሬቱም ሳንባውም የራሳቸው ስለ ሆነ ነው፤ ሞተር ግን በገንዘብ ይገዛል። ከአፍሪካም እስከ ዛሬ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነ በ1979 ያሸነፈው የደቡብ አፍሪካው ጆዲ ሼክተር ብቻ ነው፤ በአህጉራችን የተደረገው የመጨረሻው የፎርሙላ 1 ውድድርም በ1993 በኪያላሚ የተደረገው ነው። ሩዋንዳ በ2024 ይህን ውድድር በአገሯ ለማድረግ እንደምትሻ ገልጻለች።

ስለ አደጋውም ሳንናገር ብናልፍ አባቶችን ማታለል ይሆንብናል። ፈረንሳዊው አንትዋን ኡቤር በ2019 በቤልጅግ አገር በፎርሙላ 2 ውድድር በ22 ዓመቱ ሞተ። እንግሊዛዊው ቢሊ ሞንገር በ2017 በፎርሙላ 4 ሲወዳደር በ17 ዓመቱ ሁለት እግሮቹን አጣ፤ በሚመጣውም ዓመት በእጅ የሚነዳ መሣሪያ ተበጅቶለት ወደ ውድድር ተመለሰ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሮማና በቶኪዮ በእግራቸው ያስከበሩን ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 ኦቶሞቢል ሲነዱ በደረሰባቸው አደጋ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀርቷል፤ እርሳቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በቀስት ውድድር ገብተዋል። ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። እንግሊዛዊው የተጐዳው ሐኪምና የእሳት ማጥፊያ በቆመበት በተከለለ ሜዳ ነው፤ ሻምበል አበበ ግን የተጐዱት በሕዝብ መንገድ ነው።

በልደታና በሜክሲኮ አደባባይ መካከል ሌሊት ሞተር ሲያስጮኹ የምንሰማቸው ወጣቶችም የሚሽቀዳደሙት ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ነው። ፖሊስ ይቀጣቸዋል፤ መቅጣቱም የተገባ ነው። ሆኖም በቅጣት ብቻ የጠፋ የወጣት ምኞት የለም። እንግሊዞች ሲልቨርስቶን የሚባለውን ስመ ጥር ሜዳ ያገኙት በጦርነቱ ዘመን ከተሠራ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በ1948 ታላቅ ውድድር አደረጉበት፤ በ1950ም የዓለም ሻምፒዮና መጀመሪያ ውድድር በዚያው ሆነ። እኛም የአውሮፕላን ሜዳ ነበረን። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ. ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታ ነበር፤ ቦሌ ከተሠራ ወዲህ ግን በዚያ አካባቢ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባል የሰፈር ስም ቀርቷል።

በዚያ ቦታ ላይ የእሽቅድምድም ሜዳ ይሠራ አንልም። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚሻ ሕዝብ እያለ ለፎርሙላ 1 የሚሆን ሜዳ መመኘትም ከንቱ ነው። የምንለው ለካርት የሚበቃ፣ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የተከለለ መንገድ ከከተማው ዳር ቢፈቀድ፣ አስተማሪና መካኒክ ቢቆምበት፣ ወጪውንም ባለ ጋራዦችና ኦቶሞቢል ሻጮች ቢያዋጡ ነው። ከፍታው ይከለክላል የሚል ሰው ቢኖር፣ በእኛ አየር ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ነገር ግን ከባሕር በላይ ከሁለት ሺሕ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ያለችው የሜክሲኮ ከተማ ፎርሙላ 1 ታስተናግዳለች። ሌሊት በመንገድ የተያዘውንም ወጣት ዳኛው ከመቀጮው ጋር ወደዚያ ሜዳ ቢልከው፣ ፍጥነት ምን ያህል ትምህርት እንደሚሻ በአንድ ቀን ይረዳል።

ለጎረቤታችንም መልሳችንን ነግረነዋል። ልጁ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርቱን አጥብቆ እንዲይዝ፤ ነጂ ኦቶሞቢሉ ምን እንደሚሰማው ለመሐንዲሱ ማስረዳት ካልቻለ ፎርሙላ 4 እንኳ እንደማይቀበለው፤ ነጂነቱ ባይሆንለት መሐንዲስነቱ እንደሚቀርለት። አባትየውም ምክሩን ተቀብሎ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ ዘመዱ ጋራዥ ይልከው ጀምሯል። እስከ አሁን የተፈቀደለት የጎማ ብሎን መፍታትና ማጥበቅ ብቻ እንደ ሆነ ልጁ በብዙ ቅሬታ ነግሮናል።