የፈራን መራጭ «ዘረኛ» ብሎ ማለፍ

የአዲስ አበባ ተንታኝ የብሔር ፓርቲ የመረጠን ሰው «ዘረኛ»፣ ሲብስም «ያልነቃ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ስንፍና ነው። ለአሥርት ዓመታት ግራ ዘመሞችን የመረጠችው የፈረንሳይዋ የከሰል ከተማ ኤናን ቦሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከንቲባዋን ከቀኝ አክራሪዎች ስትመርጥ ሕዝቧ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም።

አብን በሰኔ 2010 ባሕር ዳር ላይ ሲመሠረት የብሔር ፖለቲካን የፈጠረው እሱ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ፤ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጻፈ። ዜጋው ሌላ ቋንቋ አልተማረም! ከመተከልና ከወለጋ የግድያ ዜና ሲደራረብበት ደግሞ፣ መንግሥት ያልጠበቀው ሰው «እኔ እጠብቅሃለሁ» ያለውን ሰማ። በ2013ቱ ምርጫ አብን ያገኘው 5 የፌዴራል መቀመጫ ብቻ ነው። (የቀረውን ቁጣ የክልሉ ብልጽግና ራሱ አራግቦ ወሰደው።)

ዝቋላ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይፈተናል። ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የአገው ብሔረሰብ ዞን ነው፤ ኽምጣኛ የቤት ቋንቋ ነው። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲገባ፣ ሰው የተፈናቀለው አማራም አገውም ተብሎ ተለይቶ አይደለም። የ2015 ክረምት ቀርቶ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ከብት ሲያልቅም አማራነት ውሃ አልቀዳም፤ አገውነትም አልቀዳም።

እህሉ በጊዜው ካልደረሰ፣ አገውነትን ይዞ የሚነሣ አክራሪ ብዙ መድከም አይጠበቅበትም። ያኔ ተንታኙ ያንኑ ቃል ይዞ ይመለሳል።