ላባስ ለምን አይነሣም?

«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ወጣት በመካከላችን የለም። አንዲት የኅብረታችን እኅት በዚሁ ማስታወቂያ ለሒሳብ ሠራተኛነት ተጠርታ ሄደች። ጠያቂው «ጌታ ይባርክሽ፤ እዚህ ሁላችን ቤተሰብ ነን» ብሎ የወር ደመወዝና የትራንስፖርት አበል ቃል ገባላት። እኛም በር ተከፈተ ብለን አመሰገንን። ሥራ ስትጀምር የተሰጣት ግን ዕቃ እየዞሩ መሸጥ ነው፤ ክፍያውም በኮሚሽን ብቻ። ስትጠይቅ «የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺ» ተባለች። አራት ወር ሆነ!

እኔን ይበልጥ ያስቆጣኝ በኅብረት የሰማችው ምክር ነው፦ «ታገሺ፣ ያዕቆብም ታግሷል።» እርግጥ ታግሷል። ደመወዙን ዐሥር ጊዜ የለዋወጠበት ላባስ ለምን አይነሣም? ያዕቆብ እኮ በመጨረሻ ዝም አላለም፤ የሠራበትን ዓመት ቆጥሮ ፊት ለፊት ወቅሶታል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የጽሑፍ ውል ከሌለም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን መጠየቅ እምነት ማጣት ነው የምትሉን ታላላቆቻችን፣ እናንተ ቤታችሁን ስታከራዩ ያለ ውል ቁልፍ ትሰጣላችሁ?