ስለ ወርቅ ካርድና ስለ ቃል መጠበቅ

በሥጦታና በዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃን እንኳ አይስተውም። ሥጦታ ማለት ሰጪው ሲወድ የሚሰጠው፣ ሳይወድ የሚተወው ነው፤ ተቀባዩም ቢያገኝ ያመሰግናል፣ ባያገኝ አይከስም። ዕዳ ግን አስቀድሞ በቃል ወይም በጽሕፈት የታሰረ ስለ ሆነ ከፋዩን ደስ ቢለውም ባይለውም ይከፈላል። አባቶቻችን ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲሉ ይህንኑ ባጭሩ ጠቅልለው ነግረውናል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ዕዳቸውን ሥጦታ እያስመሰሉ ሲወዱ የሚከፍሉትን፣ ሳይወዱ የሚከለክሉትን ነው፤ እነርሱም ዘወትር ለሚጓዝ መንገደኛ የብርና የወርቅ ካርድ የሚያድሉት የዓለም አየር መንገዶች ናቸው።

ምናልባት አንባቢዬ፣ «ብዙ ሰው የዕለት እንጀራ አጥቶ ሳለ ይህ ሰውዬ ስለ ባለጠጎች ለስላሳ ወንበር ይጨነቃልን?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ሳቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እኔ የምናገረው ስለ ወንበሩ አይደለም፣ ስለ ቃሉ ነው እንጂ። ቃል በትንሽ ነገር መቅለል ከጀመረ በትልቁም ነገር መቅለሉ አይቀርም። ደግሞም ካርዱን የያዘው ሁሉ ባለጠጋ አለመሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ ላስረዳ፤ ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እስከ 1978 ድረስ በአሜሪካ የአውሮፕላን ጉዞ ዋጋና መሥመር የሚወሰነው በመንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ሲያስቀር አየር መንገዶቹ መንገደኛ ለመሻማት ተነሡ። በሜይ 1981 አሜሪካን አየር መንገድ፣ ከእኛ ጋር የተጓዘ ሰው በየማይሉ ነጥብ ይቈጠርለታል፣ ነጥቡም ሲጠራቀም በነጻ ይጓዝበታል ብሎ አወጀ፤ ዩናይትድም በዚያው ወር ተከተለው። ከዚያም ማይል መቍጠሩ ብቻ ስላልበቃ መንገደኛውን በየደረጃው የሚሾም ካርድ መጣ። በ1997 አምስት አየር መንገዶች ስታር አሊያንስ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዲሴምበር 2011 ገባበት። የእኛው ሼባ ማይልስ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም የሚባሉ ደረጃዎች አሉት።

በዚህ ማኅበር የወርቅ ደረጃ ያገኘ ሰው የተነገረው የተስፋ ቃል ግልጽ ነው። ከረጅሙ ሰልፍ ተለይቶ ይስተናገዳል፤ ላውንጅ በሚባለው ማረፊያ ክፍል ከአንድ እንግዳ ጋር ያርፋል፤ 20 ኪሎ ወይም አንድ ሻንጣ ተጨምሮለት ይጓዛል፤ ሻንጣውም አስቀድሞ ይወጣለታል።

መንገደኛውስ በፈንታው ምን ይሰጣል? ርካሽ ቲኬት በሌላ አየር መንገድ እያየ ይተወዋል፤ ቀጥታ የሚወስደው ሳለ ማይሉን ለማጠራቀም ዞሮ ይሄዳል፤ በማይመች ሰዓት በማያውቀው አገር ጣቢያ ያነጋል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ያገኘውን ነገር ሥጦታ ነው ማለት የሠራተኛን ደመወዝ ምጽዋት ነው እንደ ማለት ነው። ያዕቆብ ለላባ ሰባት ዓመት የተገዛው ለራሔል ነበር፤ ሲነጋ ያገኘው ግን ልያን ነው። ከዚያም በኋላ ላባ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ እንደ ለወጠበት ተጽፎአል። ላባ ደኅና ነጋዴ ነው ሊባል ይቻላል፤ ጻድቅ ነው ያለው ግን አንድም የለም።

አንዲት የማውቃት ነጋዴ አለች፤ ልጆቿን የምታሳድገው ከሩቅ አገር ልብስና ጫማ እያመጣች በመሸጥ ነው። ከአንድ አየር መንገድ ጋር ብዙ ጊዜ ተመላልሳ የወርቅ ካርድ አገኘች። ለእርሷ ካርዱ ማለት የላውንጁ ቡና አይደለም፤ ያቺ አንዲት ተጨማሪ ሻንጣ ናት፤ ከሻንጣዋ የሚገኘውም ትርፍ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አንድ ጊዜ ስትመለስ ሻንጣዋ ያለ ምንም ጥያቄ አለፈላት። በሁለተኛው ጉዞ ግን በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሠራተኛ፣ «ይህ ካርድ እዚህ አይሠራም፤ ይክፈሉ» አላት። ደንቡ የታተመበትን ወረቀት ብታሳየው ሊያይላት አልፈለገም። ብዙ ከለመነች በኋላ አለቃው መጣና፣ «ለዛሬ ብቻ እናሳልፍልዎታለን» አላት፤ እርሷም እጅ ነሥታ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ አለፈች።

ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔን ግን አላስደሰተኝም። ሰው የገዛ ገንዘቡን እንደ ምጽዋት ተቀብሎ ሲያመሰግን ከማየት የበለጠ ምን የሚያሳዝን ነገር አለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ሴት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ የምታስበው ደንቡን አይደለም፤ የሠራተኛውን ፊት ነው። ደጉ ይገጥመኝ ይሆን ወይስ ክፉው? ፈገግ ልበል ወይስ ላልቅስ? እነሆ፣ መብት ወደ ችሮታ ሲለወጥ ከፋዩ ደንበኛ ለማኝ ይሆናል፤ ተቀጣሪው ሠራተኛም ጌታ ይሆናል። ይህን በሽታ ከአውሮፕላን ጣቢያ ውጭ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የታተመው ደንብ በአንዱ መስኮት የሚሠራ፣ በሌላው የማይሠራ ከሆነ፣ ደንብ የለም ማለት ነው፤ ያለው የሰው ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ሠራተኛ ስሕተት ብቻ ነው እንዳይባል፣ ተጽፎ ያለውን መዛባት ልጥቀስ። ሁለት ጎረቤታሞች ከዋሽንግተን ደለስ ጣቢያ ወደ ቺካጎ በአንድ የዩናይትድ አውሮፕላን ይሄዳሉ እንበል። አንዱ የሼባ ማይልስ የወርቅ ካርድ አለው፤ ሁለተኛው የራሱ የዩናይትድ የወርቅ ካርድ አለው። የማኅበሩ ስም በሁለቱም ካርድ ላይ አንድ ነው። ነገር ግን የእኛው ሰው ወደ ዩናይትድ ላውንጅ ይገባል፤ የዩናይትድ የገዛ ደንበኛ ግን ጉዞህ ያገር ውስጥ ነውና አትገባም ይባላል። የአሜሪካን አየር መንገድም ማኅበሩ ሌላ ይሁን እንጂ በገዛ ደንበኞቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይህ ነው። እንግዳን ማክበር መልካም ነው፤ ብዙ ዓመት ያገለገለውን የቤት ሰው በደጅ አቁሞ እንግዳን ማስገባት ግን እንግዳውንም ያሳፍረዋል እንጂ አያስከብረውም።

ከዚህም የባሰ አለ። በዩናይትድና በአሜሪካን አየር መንገዶች ከታወቁት ደረጃዎች ሁሉ በላይ የሆነ፣ በግብዣ ብቻ የሚገባበት ደረጃ አለ፤ ምን ያህል የተጓዘ ወይም ምን ያህል የከፈለ ሰው እንደሚገባበት ግን ለሕዝብ አልተገለጸም። መለኪያው ያልተገለጸ ሹመት ሰውን ሁልጊዜ ደጅ ያስጠናዋል።

የታወቀውስ ሕግ ቢሆን ይጸናልን? በሴፕቴምበር 2023 ዴልታ አየር መንገድ፣ ከእንግዲህ ደረጃ የሚገኘው በተጓዙበት ርቀት ሳይሆን በከፈሉት ዶላር ብቻ ነው፣ ለከፍተኛው ደረጃም 35,000 ዶላር ያስፈልጋል ብሎ አስታወቀ። ደንበኛው ሁሉ ጮኸ። የኩባንያው አለቃ ኤድ ባስቲያንም ሳናበዛው አልቀረንም ብለው ተናገሩ፤ በኦክቶበርም መጠኑ ወደ 28,000 ዝቅ አለ። መመለሳቸው ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን በጩኸት የሚወርድ መጠን በመጀመሪያውም በፍትሕ አልተሰፈረም። እኔ በማስተምርበት ዘመን አንድ መምህር፣ «ከመቶ ዘጠና ያገኘ መጽሐፍ ይሸለማል» ብሎ፣ ዘጠና ያገኙት ሲበዙበት፣ «መለኪያው ዘጠና አምስት ሆኖአል» ቢል ኖሮ፣ ተማሪው የሚያጣው መጽሐፉን ብቻ አይሆንም ነበር። በመምህሩ ቃል ላይ የነበረውን እምነት ያጣል፤ እርሱም ራሱ ነገ ሰው ሲሆን ቃሉን እንዲሁ ይለዋውጣል።

አየር መንገዶቹ ለዚህ ሁሉ አንድ መከላከያ አላቸው፤ ይኸውም በደቃቅ ፊደል፣ ደንቡ በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል የሚለው አንቀጽ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 በአሜሪካን አየር መንገድ ላይ በቀረበው ክስ፣ መንገደኛው ውል ፈረሰብኝ ብሎ መክሰስ እንደሚችል፣ በክፍለ ሀገሩ የሸማቾች መጠበቂያ ሕግ ግን መክሰስ እንደማይችል ወሰነ። በ2008 ደግሞ ኖርዝዌስት የተባለው አየር መንገድ አቤቱታ አበዛህ ብሎ አንድን ረቢ ከነደረጃው ከአባልነት አሰናበተው። ረቢው በቅን ልቡና አልፈጸሙልኝም ብሎ ቢከስ በ2014 ተረታ፤ ምክንያቱም ያ የ1978 ሕግ እንዲህ ያለውን ክስ ይከለክላል ተባለ። እንግዲህ ቅን ልቡና በሕግ የማይጠየቅበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ዳኞቹ በሕጉ ፈርደዋል፤ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ሕግ የማያስገድደው ሁሉ ጽድቅ አይደለም።

ይህ ማይልና ይህ ካርድ በውነት ሥጦታ ብቻ ከሆነ፣ በ2020 የሆነውን ማን ያስረዳን? በኮሮና ምክንያት አውሮፕላኖች በቆሙ ጊዜ ዩናይትድ 6.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ዴልታ 9 ቢሊዮን ዶላር ሲበደሩ መያዣ ያደረጉት ይህንኑ የማይል ድርጅታቸውን ነው። ለአበዳሪው ሲሆን ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ንብረት፣ ለመንገደኛው ሲሆን በማንኛውም ጊዜ የሚሻር ችሮታ! ለአንዱ ወተቷ የሚታለብ ላም፣ ለሌላው ላም አለኝ በሰማይ። አንድ ነገር በሁለት ሚዛን ሲመዘን አንዱ ሚዛን ሐሰተኛ መሆን አለበት። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር አራቱን ታላላቅ አየር መንገዶች ስለዚሁ አሠራራቸው መልስ እንዲሰጡ መጠየቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንዳንድ ሰው፣ «ባለቤት በገዛ ገንዘቡ የወደደውን ማድረግ አይችልምን? የወይኑ አትክልት ጌታስ ለኋለኞቹ ከፊተኞቹ እኩል አልሰጠምን?» ይለኝ ይሆናል። ምሳሌውን አስተውሎ ያነበበ ሰው ግን የጌታውን መልስ አይረሳም፤ ከፊተኞቹ ጋር የተስማማበትን አንድ ዲናር ሳያጐድል ከፍሎአል። ዕዳውን የከፈለ ሰው በተረፈው ገንዘቡ ቢለግስ ማን ይነቅፈዋል? ዕዳውን ሳይከፍል ለጋስ ነኝ የሚል ግን በሰው ገንዘብ ይመጻደቃል።

ሌላው ደግሞ፣ «ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በመልካም ስፍራ አስቀምጠው ድኻውን ያቆሙትን ሲገሥጽ፣ አንተ የክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማርህ ሰው ለወርቅ ካርድ ትሟገታለህን?» ሊለኝ ይችላል። ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው። ሰውን በወርቅና በብር መለየቱን እኔም አልወደውም፤ ቢቀር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሰውን በደረጃ መለየት አንድ ጥፋት ሲሆን፣ ለደረጃው የገቡትን ቃል ማፍረስ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛውን አያጠፋውም። ቃሉ ሲፈርስ የሚጐዳውም ባለጠጋው አይደለም፤ እርሱ ከፍሎ በፊተኛው ክፍል ይቀመጣል። የሚጐዳው ያቺን አንዲት ሻንጣ ተስፋ ያደረገው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። አየር መንገዱ ሊፈጽም የሚችለውን ብቻ ተስፋ ይስጥ፤ ላውንጁ መቶ ሰው የሚይዝ ከሆነ ለሺህ ሰው ቍልፍ አያድል። ደንቡን መንገደኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍለት፤ በየጣቢያው ላሉትም ሠራተኞች ያስተምራቸው፤ ተቀጣሪያቸው የሌላ ኩባንያ ሰው ቢሆን እንኳ፣ አላውቅም የሚለው ቃል ካርዱን በሸጠው ላይ እንጂ በገዛው ላይ አይፈረድ። ደንቡን ለመለወጥ ቢያስፈልገው ለሚመጣው ይለውጥ እንጂ፣ በፊተኛው ደንብ ደክሞ ያገኘውን ሰው ዘመኑ እስኪፈጸም አይንካው። ቃሉን መፈጸም ባልቻለበት ቀንም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ምትኩንም ሳይለመን ይክፈል።

ለመንገደኛውም ምክር አለኝ። ደንቡን አንብበህ ያዝ፤ የሚገባህን ስትጠይቅ አትለምን፣ አትሳደብም። ጠረጴዛው ዘንድ የቆመችው ልጅ ደንቡን አላወጣችም፤ አቤቱታህን በጽሑፍ ለአለቆቿ አድርግ። የሚገባህንም ስታገኝ እንደ ሰው ወግ አመስግን እንጂ እንደ ተመጸወተ አትስገድ። ከሁሉም ይልቅ ልብህን ከካርዱ ጋር አታስረው፤ ክብርህ በካርድ የመጣ ከሆነ ካርዱ ሲሻር አብሮ ይሻራልና።

አውሮፕላን ትልቅ የሰው ጥበብ ነው፤ ብዙ መቶ ሰው ተሸክሞ ባሕር ይሻገራል። መንገደኛው ነፍሱን አምኖ የሚሰጠው፣ የማያየው መካኒክ ብሎኑን እንደ ደንቡ አጥብቆታል ብሎ ነው፤ ለዛሬ ብቻ ወይም ደስ ሲለኝ የሚል መካኒክ ያለው አየር መንገድ አንድ ቀን አያድርም። በብሎኑ ላይ ይህን ያህል ታማኝ መሆን የሚችሉ ሰዎች በቃላቸውም ላይ ታማኝ መሆን ይችላሉ፤ ያቃታቸው ዐቅም አይደለም፣ ፈቃድ ነው።