ስንተኛ ወጣን ከማለታችን በፊት



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በየቡናው ላይ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው። «የእኛ ትምህርት ቤት ስንተኛ ወጣ? ስንት ልጅ አሳለፈ?» ይባላል። መልሱ ሲሰማ አንገት ያስደፋል። ከዚያ መምህሩን መውቀስ፣ ርዕሰ መምህሩን ማማት ይቀጥላል። ቡናው ሲያበቃ ወሬውም ያበቃል።

ቁጭቱ ተገቢ ነው። 12 ዓመት ሙሉ ደብተር ገዝቶ ያስተማረ ወላጅ ቢቆጭ አይፈረድበትም። ሆኖም ነገሩን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እንግዲህ ችግሩ የአሶሳ ብቻ አይደለም። ኩረጃ ሸፍኖት የኖረ ገመና ነው የተገለጠው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እንደገና መሰጠቱንም አንረሳውም።

ይሁን እንጂ «አገሩ ሁሉ ወድቋል» ብሎ መጽናናት ለልጆቻችን እንጀራ አይሆንም።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። በትምህርት ቀን ልጁን ወርቅ ቁፋሮ ወይም ገበያ የሚልከው ማነው? ልጅቷስ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ደክሟት ስትተኛ መቼ ታጥና? የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ የምንገኘው በጣት የምንቆጠር ነን። እኛ የማኅበሩ ሰዎችም አብዛኞቻችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን ነን። ፊዚክሱን ልናስረዳ አንችልም። ነገር ግን ደብተሩን ገልጦ «ዛሬ ምን ተማርክ? ይህ ገጽ ለምን ባዶ ሆነ?» ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም።

ከትምህርት ቤቱም የምንጠይቀው አለን። ውጤቱ በድምር ብቻ ሳይሆን በየትምህርቱ ዓይነት ተለይቶ ይለጠፍልን። ልጆቹ የወደቁት በሂሳብ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? መምህር ሳይመደብለት ወራት ያለፈው ትምህርት አለ ወይ? አጥርቶ ማንበብ የማይችል ልጅስ እንዴት ዘጠነኛ ክፍል ደረሰ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ የዛሬዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገና አንደኛ ደረጃ ነበሩ። ያ ያመለጣቸው ትምህርት ተክሷል ወይ? ይህን ሳያውቁ ደረጃ መቁጠር በሽታውን ሳይመረመሩ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተለውን ወስኗል፦

1ኛ/ የስብሰባ አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ለሚያጠኑ ተማሪዎች ክፍት ይሆናል።

2ኛ/ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም ተምሮ የጨረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ በሳምንት አንድ ምሽት እንዲያስጠናልን ይላክልን።

3ኛ/ ሦስት ወላጆች ተመርጠው ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያቀርባሉ። መልሱ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ውጤት እስኪወጣ ጠብቆ መጮህ ይብቃን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አሶሳ