ከችግኙ ቁጥር በፊት ዘሩ ይጠየቅ

በሴንቴኒያል፣ በኦሮራና በዴንቨር የምንገኝ ተማሪዎች በመስከረም አጋማሽ ወደ ሮኪ ተራሮች ስንመለከት፣ አስፐን የሚባለው ዛፍ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በአንድ ጋራ ላይ አንደኛው ጫካ ቢጫ ሆኖ ሳለ ጎረቤቱ ገና አረንጓዴ ነው። አስፐን ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያበቅላልና፣ የአንዱ ጫካ ግንዶች ሁሉ በዘር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከጎኑ ያለው ግን የሌላ ዘር ነው።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። በዊስኮንሲን ግዛት፣ በራይንላንደር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2009 ተመራማሪዎች አምስት የአስፐን ዘሮችን ሜዳ ላይ ተክለው፣ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 560 እጅ ያህል አድርሰው መረመሩ። አየሩም አፈሩም አንድ ነበር፤ እድገታቸው ግን እንደ ዘራቸው ተለያየ። ኦዞን በተጨመረበት ቦታም የአንዱ ዘር ቅጠል ክፉኛ ሲጎዳ ሌላው ተቋቋመ።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዛፍ ምግብ ስለሆነ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው እንላለን። በ1958 እ.ኤ.አ. ከሚሊዮን 315 እጅ ያህል የነበረው ጋዝ ዛሬ ከ420 አልፏል። ቅጠል ይህን ጋዝ በሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃውንም ያስወጣል። ጋዙ ሲበዛ ብዙ ዛፎች ቀዳዳቸውን አጥብበው ውሃ ይቆጥባሉ፤ ምን ያህል እንደሚያጠቡና እንደሚያድጉ ግን ዘሩ፣ አፈሩና ዝናቡ ይወስናሉ።

ይህ ነገር ሀገራችንን በቀጥታ ይመለከታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጣ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ በቢሊዮን ይቆጠራል። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን የችግኙ እናት ዛፍ ማን ናት? ዘሩ ከጥቂት ዛፎች ብቻ ከተለቀመ፣ ደኑ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ይሆንና አንድ ድርቅ ወይም አንድ ተባይ በአንድነት ይመታዋል። ገበሬው የከሸፈ ጤፍ በሚቀጥለው ክረምት መልሶ ይዘራል፤ ለከሸፈ ደን ግን ሃያ ዓመቱን ማን ይመልስለታል?

በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካህናትና ገበሬዎች ያቆዩአቸው ጥድ፣ ወይራና ዝግባ የዚህ ሀብት ጎተራ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ የችግኝ ጣቢያ ዘሩን ከብዙ እናት ዛፎች ይልቀም፣ የተለቀመበትንም ቦታ ይመዝግብ። ጎተራዎቹም ሳይመነጠሩ ይጠበቁ። የዕፀዋትና የደን ትምህርት የምንማር ወንድሞችና እኅቶችም፣ ውጭ ያለነውም ሀገር ቤት ያላችሁትም፣ የባዕድ ዛፍ ውጤት ከማጥናት አልፈን የገዛ ዛፎቻችንን ዘር በገዛ አፈራችን እንመርምር።